43 ማስጠንቀቂያዎች፦ በአንድ የሊኑክስ ኔትወርክ ድራይቨር ላይ የተደረገ የታይፕ ማጥራት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ሥራው አንድ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨርን፣ ማለትም ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ይመለከታል። ድራይቨሩ ከሊኑክስ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ዋና ኮድ ውጭ ለብቻው ሲጠበቅ የቆየ፣ 4,000 መስመር የሚጠጋ የሲ ኮድ ሲሆን፣ በኤክስ86 ማሽኖች ላይ ለዓመታት ያለ ቅሬታ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ወደ ዋናው ከርነል እንዲገባ ስለተፈለገ በስፓርስ ተፈትሾ መጥራት አለበት። ስፓርስ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የኮድ መፈተሻ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ምንጩን ብቻ አንብቦ ኮምፓይለሩ (ምንጩን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም) የማያያቸውን የታይፕ፣ ማለትም የውሂብ ዓይነት፣ ልዩነቶች ያወጣል።

ለኮምፓይለሩ ለጂሲሲ ባለ 32 ቢት ቁጥር ሁሉ አንድ ነው። ለስፓርስ ግን «ኤልኢ32» ተብሎ የተሰየመ ቁጥር፣ ማለትም ታናሹ ባይት ቀድሞ የሚቀመጥበት ሊትል ኤንዲያን፣ «ቢኢ32» ከተባለው፣ ታላቁ ባይት ከሚቀድምበት ቢግ ኤንዲያንም ሆነ ፕሮሰሰሩ እንደ ልማዱ ከሚያነበው ተራ «ዩ32» የተለየ ነው። እንደዚሁም «ዩዘር» የሚል ምልክት ያለው ፖይንተር ከተጠቃሚ ፕሮግራም የመጣ አድራሻ፣ «አይኦሜም» የሚል ምልክት ያለው ደግሞ የመሣሪያ ሬጂስተር አድራሻ መሆኑ ይታወቃል። ምልክቶቹ ትርጉም የሚኖራቸው ስፓርስ ሲያነባቸው ብቻ ነው፤ በመደበኛው ኮምፓይል ጊዜ ባዶ ሆነው ስለሚጠፉ በፕሮግራሙ ፍጥነትም ሆነ መጠን ላይ የሚጨምሩት አንዳች ነገር የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳያወጣ ተጠናቀቀ፤ ይህ የሆነው ግን ኮዱ ንጹሕ በመሆኑ አልነበረም። ኮምፓይል የሚያስደርገው ሜክ የተባለው መሣሪያ ሲጠራ «ሲ» የተባለው ተለዋዋጭ 1 ከሆነ ስፓርስ የሚፈትሸው በዚያ ዙር እንደገና ኮምፓይል የሚደረጉትን ፋይሎች ብቻ ነው፤ እኔም ድራይቨሩን ቀደም ብዬ ኮምፓይል አድርጌው ስለነበር የሚፈተሽ ፋይል አልቀረም። ተለዋዋጩን 2 አድርጌ ስደግመው ሁሉም ፋይሎች ተፈተሹ፤ 43 ማስጠንቀቂያዎችም ወጡ። ከከርነል 4.10 በፊት በነበሩት እትሞች የባይት ቅደም ተከተል ፍተሻው በተጨማሪ ትእዛዝ ካልተከፈተ በስተቀር አይሠራም ነበር፤ ይህ ድራይቨር ያንን ዘመን ሳይፈተሽ ያለፈ ይመስላል።

ከ43ቱ ውስጥ 34ቱ የባይት ቅደም ተከተልንና ሌሎች የተከለሉ ታይፖችን (ከተራ ቁጥር ጋር ሊቀላቀሉ የማይገባቸውን)፣ 4ቱ የአድራሻ ክልልን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት 5 ቀላል የሚባሉ ናቸው።

ቀን 2

ከቀላሎቹ ጀመርኩ። ሁለቱ ባዶ ፖይንተርን በተራ 0 የጻፉ መስመሮች ስለነበሩ ወዲያው ተስተካከሉ። ሦስቱ ግን «ይህ ስም የትም አልተወጀም፤ ስታቲክ መሆን ይገባው ይሆን?» የሚሉ ናቸው፤ ስታቲክ ማለት ከፋይሉ ውጭ የማይታይ ማለት ነው። ስፓርስ ይህን በጥያቄ መልክ ማቅረቡ ተገቢ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» አይደለምና። ሁለቱ ፈንክሽኖች ከፋይላቸው ውጭ የሚጠራቸው ስለሌለ ስታቲክ ተደረጉ። ሦስተኛው ግን በሄደር ፋይል (ሌሎች ፋይሎች በሚጋሩት የአዋጅ ፋይል) ውስጥ ተወጅቶ ነበር፤ ፈንክሽኑ የተጻፈበት ፋይል ሄደሩን ስላላስገባው ብቻ ነው ስፓርስ ያላየው።

ሄደሩን እንዳስገባሁ ኮምፓይለሩ ራሱ ስሕተት አወጣ። በሄደሩ ላይ ፈንክሽኑ «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር) እንደሚመልስ ተጽፏል፤ በተጻፈበት ቦታ ግን የሚመልሰው «ቡል» (እውነት ወይም ሐሰት) ነው። በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ ቡል የሚመልስ ፈንክሽን ትርጉም ያለው እሴት የሚያስቀምጠው በመመለሻው ሬጂስተር የመጨረሻ 8 ቢት ላይ ብቻ ሲሆን፣ ኢንት የሚጠብቀው ጠሪ ደግሞ 32 ቢት ያነባል። ስለዚህ በላይኛዎቹ ቢቶች ላይ የተረፈ አሮጌ ውሂብ ካለ «ሐሰት» የሚለው መልስ «እውነት» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ካርዱ ገመድ ተሰክቶበት እንደሆነ የሚያረጋግጠው ፈንክሽን ይኸው ነበር። ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ስታቲክ ብለው ቢሞክሩት ጠሪው ፋይል ስለማያገኘው መገጣጠሙ ይከሽፍ ነበር፤ ሄደሩን በማስገባት ፈንታ ቡል የሚል ሌላ አዋጅ በፋይሉ ውስጥ መጻፍ ግን ስፓርስንም ዝም ያሰኛል፣ ስሕተቱንም እንዳለ ያቆየዋል።

ቀን 4

ሁለት ቀን ሙሉ የፈጀው ከአድራሻ ክልል ማስጠንቀቂያዎች ሁለቱ የወጡበት አንድ ፈንክሽን ነው። ድራይቨሩ ለምርመራ መሣሪያ ስታቲስቲክስ የሚያቀብልበት የግል አይኦሲቲኤል፣ ማለትም ከፕሮግራም ወደ ድራይቨር የሚደረግ ልዩ ጥሪ፣ አለው። ፈንክሽኑ ከተጠቃሚው ፕሮግራም የመጣውን ፖይንተር ተቀብሎ፣ ምልክቱን በካስት (ታይፕን በግድ በመቀየር) አራግፎ፣ ቁጥሮቹን በቀጥታ ወደዚያ አድራሻ ይጽፋል። ስፓርስ የተናገረው «የአድራሻ ክልሎቹ ይለያያሉ» ብቻ ነው፤ የነገሩ ክብደት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የተጠቃሚው ፕሮግራም የራሱን ማኅደረ ትውስታ አድራሻ በመስጠት ፈንታ የከርነሉን አድራሻ ቢሰጥ፣ ከርነሉ በራሱ ሥልጣን በራሱ ውሂብ ላይ ይጽፍለታል። ይህ የደኅንነት ቀዳዳ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ለብቻው መላክ ያለበትም እርሱ ነው።

ጥገናው «ኮፒ ቱ ዩዘር» የተባለውን ፈንክሽን መጠቀም ነው፤ እርሱ አድራሻው በእርግጥ የተጠቃሚ ክልል መሆኑን አይቶ ነው የሚጽፈው። ነገር ግን አንዱን መስመር በሌላ መተካት ብቻ አልበቃም። በመጀመሪያ፣ ፈንክሽኑ የሚመልሰው የስሕተት ቁጥር ሳይሆን ያልተገለበጡትን ባይቶች ብዛት ነው፤ ስለዚህ ከ0 የተለየ ነገር ሲመለስ «የተሳሳተ አድራሻ» የሚለውን የስሕተት ቁጥር እኛው መመለስ አለብን። ሌላው ከዚህ የሚከብድ ነው፦ የተጠቃሚው ገጽ በዚያ ቅጽበት በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ላይገኝ ስለሚችል ፈንክሽኑ ሊተኛ (ገጹ እስኪመጣ ሥራውን ሊያቆም) ይችላል፤ አሮጌው ኮድ ግን ቁጥሮቹን የሚጽፈው ስፒንሎክ (ሌሎች ሳይተኙ የሚጠብቁት መቆለፊያ) እንደያዘ ነበር፤ ስፒንሎክ ይዞ መተኛት ደግሞ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሎኩን ይዤ ቁጥሮቹን በስታክ (በፈንክሽኑ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ላይ ወዳለ ጊዜያዊ ስትራክት (የመስኮች ስብስብ) ገለበጥኩ፤ ሎኩን ለቅቄ ከዚያ ወደ ተጠቃሚው ላክሁ። ጊዜያዊውን ስትራክት አስቀድሜ በ0 ሞላሁት፤ በመስኮች መካከል ያሉት ክፍተቶች ባይጸዱ በስታክ ላይ የቀረ የከርነል ውሂብ አብሮ ይወጣ ነበር።

ከከርነል 5.15 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ የግል ጥሪ የተለየ መግቢያ አለ፤ የዩዘር ምልክት ያለውን ፖይንተር ለብቻው ስለሚያቀብል ድራይቨሩ ካስት የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም። ወደዚያ አዛወርኩት። ሦስተኛው የአድራሻ ማስጠንቀቂያ በአንድ ረዳት ፈንክሽን ውስጥ የአይኦሜም ምልክት የጎደለው ፖይንተር ነበር፤ ምልክቱን ጨምሬ አለፍኩ። አራተኛውን ለመጨረሻ አቆየሁት።

ቀን 5

ዛሬ ወደ 34ቱ ገባሁ። አብዛኞቹ የሚመጡት ድራይቨሩና ካርዱ ከሚጋሩት፣ ፓኬትን ከሚገልጸው የዲስክሪፕተር ስትራክት ነው። የካርዱ መመሪያ መስኮቹ ሁሉ ሊትል ኤንዲያን መሆናቸውን ይናገራል፤ ሄደሩ ግን ተራ ዩ16 እና ዩ32 ብሎ ነው ያወጃቸው። ኮዱ እሴቱን በትክክል ወደ ሊትል ኤንዲያን ቀይሮ ተራ ተብሎ ወደተወጀው መስክ ሲያስገባው ስፓርስ ይጮኻል። ስለዚህ አንድም የኮድ መስመር ሳልነካ በሄደሩ ላይ ያሉትን መስኮች ብቻ ኤልኢ16 እና ኤልኢ32 ብዬ ሰየምኳቸውና ደግሜ ፈተሽኩ።

ከ34ቱ 25ቱ ጠፉ፤ 9 ቀሩ። በዚያው ግን ከዚህ በፊት ያልነበሩ 14 አዳዲስ ማስጠንቀቂያዎች ብቅ አሉ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ይህ ነው። የጠፉት 25 መስመሮች ቀድሞውንም ትክክል ነበሩ፤ የጎደላቸው የመስኩ አዋጅ ብቻ ነው። የተሳሳቱት መስመሮች እስከ ዛሬ ዝም ብለው የኖሩት ናቸው፤ የሚቀየረውን ያልቀየረ ኮድ ተራ ቁጥርን ከተራ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ ስለሚመስል ስፓርስ የሚለው አልነበረውም። ጩኸቱ ይሰማ የነበረው ከጠንቃቃው ፕሮግራመር መስመሮች ላይ ነበር።

ከ14ቱ 11ዱ የዲስክሪፕተሩን የሁኔታ መስክ ሳይቀይሩ ከአንድ ቢት ጋር የሚያነጻጽሩ ናቸው። «ሥራው ተጠናቋል» የሚለው ምልክት በሄክሳዴሲማል 8000 ሲሆን፣ በቢግ ኤንዲያን ማሽን ላይ ሳይቀየር ሲነበብ 0080 ይሆናል፤ ድራይቨሩም ፓኬት መድረሱን ፈጽሞ አያውቅም። የቀሩት 3ቱ ርዝመትን የሚያሰሉ ናቸው። ካርዱ 64 ባይት ደረሰኝ ሲል፣ ይኸው ቁጥር በቢግ ኤንዲያን ማሽን ላይ 16384 ሆኖ ይነበባል፤ ኮዱ የፍሬሙን ማረጋገጫ 4 ባይት ቀንሶ 16380 ባይት በ2048 ባይት መያዣ ውስጥ አለ ብሎ ይቀጥላል፤ ከርነሉም በዚያው ይቆማል። ሁለቱ ስሕተቶች የሚገናኙበት መንገድ አሳሳቢ ነው። የመጀመሪያው ፓኬቱን ስለሚያስቀር ሁለተኛው እንዲታይ አያደርግም፤ አንድ ሰው የሁኔታ መስኩን ብቻ አስተካክሎ ቢሄድ ግን «ኔትወርክ የማይሠራ» የነበረው ማሽን «ከርነሉ የሚወድቅ» ማሽን ይሆናል። ስለዚህ ርዝመቱን የሚያስተካክለው ፓች (ለብቻው የሚላክ የኮድ ለውጥ) ከሁኔታው ፓች እንዲቀድም አደረግሁ።

ለሁኔታ ቢቶቹ፣ ከዲስክሪፕተሩ የተነበበውን መስክ በመቀየር ፈንታ ቋሚውን ቢት ወደ ሊትል ኤንዲያን ቀይሬ ማነጻጸሩን መረጥሁ። ስፓርስ በአንድ ዓይነት የተከለለ ታይፕ መካከል የቢት ማጣመርንና እኩልነትን ይፈቅዳል፤ ቋሚው ደግሞ በኮምፓይል ጊዜ ስለሚቀየር ፓኬት በመጣ ቁጥር የሚደረግ ተጨማሪ ሥራ አይኖርም። መደመርና መቀነስ ግን ስለማይፈቀዱ ርዝመቶቹን አስቀድሞ ወደ ፕሮሰሰሩ ቅደም ተከተል መቀየር ግድ ነው።

ቀን 6

የተሻሻለው ኮድ የተግባር ለውጥ እንዳላመጣ ወይም እንዳመጣ በዓይን ብቻ መወሰን አልፈለግሁም። ልማዱ ከፓቹ በፊትና በኋላ ያሉትን የኦብጀክት ፋይሎች፣ ማለትም ከኮምፓይለሩ የወጣውን የማሽን ኮድ፣ ማነጻጸር ነው፤ አንድ ከሆኑ ፓቹ የአዋጅ ለውጥ ብቻ ነው ማለት ነው። በኤክስ86 ላይ ሞከርኩት፤ የባይት ቅደም ተከተል ፓቾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጡ። ውጤቱ ግን ምንም አይነግርም፤ ማሽኑ ራሱ ሊትል ኤንዲያን ስለሆነ የሊትል ኤንዲያን መቀየሪያ ማክሮዎቹ ባዶ ናቸው፤ ከባድ ስሕተት የሚያርመው ፓችም የስም ለውጥ ብቻ የሚያደርገው ፓችም በዚያ ማሽን ላይ አይለዩም።

ስለዚህ ለቢግ ኤንዲያን 64 ቢት ፓወርፒሲ የሚያመርት ኮምፓይለር ጭኜ ማነጻጸሩን በዚያ ደገምኩ። አሁን ልዩነቱ ተለየ፦ አዋጅ ብቻ የሚለውጡት ፓቾች አንድ ዓይነት የማሽን ኮድ ሰጡ፤ ስሕተት የሚያርሙት ግን የተለየ። ፓቾቹን ለሁለት የከፈልኳቸው በዚህ መስፈርት ነው። የአዋጅ ፓቾቹ መልእክት «የማሽን ኮዱ በቢግ ኤንዲያንም አልተለወጠም» ይላል፤ የሌሎቹ መልእክት ደግሞ የተለወጠው ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ያብራራል።

ለሚሞክረው ሰው አንድ ጥንቃቄ አለ። የዲባግ መረጃ መጥፋት አለበት፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን አንድ መስመር መጨመር ከርነሉ በራሱ ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ የሚያስቀምጣቸውን የመስመር ቁጥሮች ስለሚያዛባ፣ ሙሉ ፋይሉን ሳይሆን የትእዛዝ ክፍሉን ብቻ ማነጻጸር ይሻላል።

ቀን 8

ከቀሩት 9 ውስጥ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ኮዱ እሴቱን ወደ ሊትል ኤንዲያን ይቀይርና «ራይትኤል» በተባለው ፈንክሽን ወደ ካርዱ ሬጂስተር ይጽፈዋል። ስፓርስ «ተራ ቁጥር ይጠበቅ ነበር፤ የመጣው ኤልኢ32 ነው» ይላል። ራይትኤል እሴቱን ራሱ ወደ ሊትል ኤንዲያን ቀይሮ ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ በቢግ ኤንዲያን ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል ማለት ነው። ካርዱን እንዲጀምር የሚያዘው 1 በሄክሳዴሲማል 01000000 ሆኖ ይደርሳል፤ ይህም 16777216 ነው።

ይህን ክፍል አንድ ልምድ ያላቸው የሥራ ባልደረባዬ ሲያዩት «ፎርስ» የተባለውን ምልክት በካስቱ ላይ ጨምሬ እንዳልፈው መከሩኝ፤ ኮዱ ለዓመታት ሠርቷልና መንካቱ አደጋ አለው የሚል ነው ሐሳባቸው። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ በአሮጌ ኮድ ላይ ያላቸው ጥንቃቄም ብዙ ጊዜ ከጥፋት አድኖናል። እዚህ ግን አልተስማማሁም። ፎርስ ለስፓርስ «ልዩነቱን አይቻለሁ፤ ሆን ብዬ ነው» የሚል ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ሆን ብዬ ነው ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለኝም። መቀየሪያውን ከሦስቱም መስመሮች አነሳሁ። የኤክስ86ንና የፓወርፒሲን የማሽን ኮድ ጎን ለጎን አድርጌ ሳሳያቸው፣ በመጀመሪያው ላይ አንድም ትእዛዝ እንዳልተለወጠ አይተው ተቀበሉት።

ፎርስን በመላው ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜበታለሁ። ካርዱ ያሰላውን የፓኬት ቼክሰም (የስሕተት መፈተሻ ድምር) ከዲስክሪፕተሩ አንስቶ ለኔትወርኩ ክፍል በሚያቀብለው መስመር ላይ ነው። ቼክሰም በከርነሉ ውስጥ የራሱ የተከለለ ታይፕ አለው፤ ከሃርድዌር የመጣውን ጥሬ ቢት ወደዚያ ለማሻገር ሌላ መንገድ የለም። ከላዩ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ።

ቀን 9

የቀሩት 6 ቶሎ አለቁ። አራቱ የፓኬቱን የፕሮቶኮል ቁጥር የሚያነጻጽሩ መስመሮች ሲሆኑ፣ ከማሽን ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚቀይረውን ማክሮ መጠቀም ሲገባቸው ከኔትወርክ ወደ ማሽን የሚቀይረውን ተጠቅመዋል። ሁለቱም ማክሮዎች በየትኛውም ማሽን ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ ስለሆነ ውጤቱ አይለወጥም፤ ቢሆንም ለሚያነበው ሰው ተገላቢጦሽ ይናገራሉ። ሁለቱ ደግሞ የማኅደረ ትውስታ አመዳደብን የሚወስነውን ባንዲራ ኢንት ብለው የሚቀበሉ ፈንክሽኖች ናቸው፤ ባንዲራው የራሱ የተከለለ ታይፕ ስላለው የግቤቱን ታይፕ ማስተካከል በቂ ነበር።

ቀን 11

ስፓርስ ከአንዱ በስተቀር ዝም ብሏል። ዛሬ ማሽን በሚያስመስለው ፕሮግራም በኪውኢሙ አንድ የቢግ ኤንዲያን ፓወርፒሲ ማሽን አስነሥቼ፣ ኪውኢሙ የሚያስመስለውን የዚሁን ካርድ ቤተሰብ አባል አገናኝቼ ድራይቨሩን ጫንሁት። ካርዱ ተነሣ፤ ፓኬት ግን ይወጣል እንጂ መልስ አይመጣም።

ምክንያቱ የካርዱ የኔትወርክ አድራሻ ላይ ታየ። ለካርዱ የተሰጠው 52:54:00:12:34:56 ነው፤ ከርነሉ የሚያሳየው ግን 12:00:54:52:56:34 ነው። ድራይቨሩ የመጀመሪያዎቹን 4 ባይቶች ከአንድ ሬጂስተር፣ የቀሩትን 2 ከሌላ አንብቦ ባለ 6 ባይት አሬይ ውስጥ በዩ32 እና በዩ16 ካስት አድርጎ ያስቀምጣል። ሬጂስተር አንባቢው ፈንክሽን ቁጥሩን ወደ ማሽኑ ቅደም ተከተል ቀይሮ ስለሚሰጥ፣ በቢግ ኤንዲያን ማሽን ላይ ባይቶቹ ተገልብጠው ይቀመጣሉ። የተገኘው አድራሻ እንደ አድራሻ ሕጋዊ ስለሆነ የትክክለኛነት ማረጋገጫውም አልያዘውም፤ ካርዱ ግን የሚቀበለው በራሱ አድራሻ የመጣለትን ብቻ ነው።

ስፓርስ ይህን ሊያየው አይችልም ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ያለው ታይፕ ተራ ዩ32 ነውና። በካስቱ ፈንታ ቁጥሩን በሊትል ኤንዲያን ባይት በባይት የሚያስቀምጠውን የከርነሉን ረዳት ፈንክሽን ተጠቀምኩ፤ አሬይው በ4 የማይካፈል አድራሻ ላይ ቢወድቅም እርሱ ችግር የለበትም። አድራሻው ተስተካከለ፤ ፓኬቶችም በሁለቱም አቅጣጫ መጓዝ ጀመሩ።

ይህን ካየሁ በኋላ ስፓርስ የማይናገርባቸውን ሌሎች ቦታዎች ፈለግሁ። በማስተላለፊያው ዲስክሪፕተር ውስጥ የሲ ቢትፊልድ (አንድን ቁጥር በቢት የሚከፋፍል መስክ) አገኘሁ። የቢትፊልድ አቀማመጥ በማሽኑ ቅደም ተከተል ስለሚወሰን፣ ከሃርድዌር ጋር በሚጋራ ስትራክት ውስጥ ሊኖር አይገባውም። መስኩን በአንድ ኤልኢ32 ተክቼ፣ ክፍሎቹን ከርነሉ ለዚሁ ባዘጋጃቸው የማስገቢያና የማውጫ ማክሮዎች ጻፍኋቸው። አሁን በዚያ መስክ ላይ ሳይቀይር የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ስፓርስ ይናገራል።

ቀን 14

የቀረው አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በቀን 4 ያቆየሁት አራተኛው የአድራሻ ክልል ማስጠንቀቂያ ነው። ድራይቨሩ የአድራሻ ማጣሪያ ሰንጠረዡን በአርሲዩ (አንባቢዎች ሳይቆልፉ እንዲያነቡ በሚያስችል የከርነል ዘዴ) በሚጠበቅ ፖይንተር ይይዛል፤ ሰንጠረዡን የሚያፈርሰው ፈንክሽን ግን ፖይንተሩን እንደ ተራ ፖይንተር በቀጥታ ያነበዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው «ይህን ሎክ ይዤ ስለሆነ ማንም አይለውጠውም» የሚል ሁኔታን አብሮ የሚቀበለው የአርሲዩ ማንበቢያ ነው። በሁኔታው ቦታ 1 ቢጻፍ ስፓርስ ይረካል፤ ሎኩ ግን በእርግጥ መያዙን ማንም አይፈትሽም።

ስለዚህ ጊዜያዊ ፓች ጽፌ፣ በሁኔታው ቦታ የኔትወርክ ውቅርን የሚጠብቀው ሎክ መያዙን የሚጠይቀውን ፈንክሽን አስገባሁ፤ ከርነሉንም የአርሲዩ ማረጋገጫ ተከፍቶ ሠራሁት። ካርዱን በእጅ ሳወርደው ምንም አልተባለም። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ግን ሰንጠረዡ የሚፈርሰው በኋላ በሚፈጸም የሥራ ወረፋ በኩል ነው፤ በዚያ መንገድ ከርነሉ ሎኩ እንዳልተያዘ አስታወቀ። ማለትም ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር፤ ሁለት መንገዶች አንዱን ሰንጠረዥ በአንድ ጊዜ ሊያፈርሱት ይችላሉ።

ሎኩን በወረፋው ውስጥ በቀላሉ መያዝም አይቻልም፤ ካርዱን የሚያወርደው ፈንክሽን ይህንኑ ሎክ ይዞ ወረፋው እስኪያልቅ ስለሚጠብቅ ሁለቱ ይቆላለፋሉ። ማፍረሱ ከወረፋው ወጥቶ ሎኩን ወደያዘው መንገድ መዛወር አለበት። ይህ ፓች ገና አልተጻፈም፤ ማስጠንቀቂያው እስከዚያ ድረስ ባለበት ይቆያል።